የሽምብራው ቁጥር

ላይፕዚግ፣ ጥር 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእታለም፣ ለእኔም ለክንዱም እናት ለሆንሽው፣

የልደትን ሰላምታ ሳልጽፍ በዓሉ አለፈ። አሁን እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ ብል ደግሞ ወረቀቱ እስኪደርስሽ ጾም ሊገባ ነው። ስለዚህ ለሁሉም በአንድነት እንኳን አደረሰሽ፤ ስለ መዘግየቴም ይቅር በይኝ።

«ኬሚስትሪ እያልክ አታደናግረኝ፣ እዚያ የምትሠራውን ለአስተማሪ እንደሚነገር አድርገህ ንገረኝ» ላልሽው እነሆ። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ብለሽ አይደል ተማሪዎችሽን የምታስጽፊያቸው? አሰርዢያቸው። የሚያሳልፍ አለ፤ እኔ በየቀኑ እሠራዋለሁ። ቀጭን የካርቦን ዘንግ ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ ኤሌክትሪክ ስለቅቅበት፣ ላዩ ላይ የድስት ቂጥ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ቅብ ቀስ እያለ ይበቅላል። ቅቡ ሲያድግ በውስጡ አንድ ኢንዛይም አስሬ አስቀራለሁ። ኢንዛይሙ የሚፈልገውን ነገር ሲያገኝ በቅቡ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ወረቀት ላይ መስመር የሚያሰምረው የመሣሪያው ብዕርም ይነሣል። ብዙ ካገኘ ብዙ ይነሣል፤ ካላገኘ ዝም ብሎ ይተኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእናንተ የለየኝ ይኸው ብዕር ነው።

የሚፈልገው ነገር ደግሞ የጓያ መርዝ ነው። አጎታችን አያ አዳሙ ዘንድ፣ ትክል ድንጋይ መንደር፣ በሰባ ሰባቱ ረኃብ ጓያ ብቻ በልቶ እግሩ የታሰረውን ዓለምነውን ታስታውሽዋለሽ። ልመጣ ስል ሁለት ዱላ ተደግፎ እስከ መኪናው ድረስ የሸኘኝ እሱ ነበር። አባባ ጓያ ሲቀቀል ከእንፋሎቱ ያባርሩን ነበር፤ እንፋሎቱስ ምንም አያደርግ፣ ጠላታችን ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ በየጥራጥሬው ያለ ጉዳት የሌለው ነገርም ብዕሩን ሊያነሣው ይሞክራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጓያው ጎን ሽምብራ እለካለሁ። በሽምብራው ላይ ብዕሩ ከተኛ መሣሪያው እውነት እየተናገረ ነው ማለት ነው።

እዚህ ያለኝ የሰው አገር ጓያ ነው። ከአያ አዳሙ ማሳ አንድ እፍኝ ብትልኪልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስለ ልጅሽ ስለ ክንዱ የፈተና ውጤት ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። ምነው?

ወንድምሽ መለሰ

*

ጎንደር፣ የካቲት 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለመለሰ፣

ፖስታህ እንደ ወትሮው ተከፍቶ፣ በሙጫ ተለጥፎ ደረሰኝ። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው ስለ ጥላሸቱና ስለ ብዕሩ ምን እንደ ገባው እንጃ። እኔ ገብቶኛል፤ ለልጆቹም አሰርዣለሁ። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር «ከመጽሐፉ አትውጪ» ብለው ተቆጡኝ፣ ስለዚህ እንደገና አስጽፌያለሁ። እዚህ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

እኛ ደኅና ነን። ክንዱም ደኅና ነው። ቁመቱ የበሩን ጉበን ይመታል፣ ጎንበስ ማለት ገና አልለመደም። ውጤቱ አልመጣለትም። አሥራ ስምንት ሞላው። ስለ እሱ ይህን ካልኩህ በቃኝ።

ጓያውን ለትምህርት ወደ እናንተ በሚመጣው በነጋ እጅ ልኬልሃለሁ። የአያ አዳሙ ልጅ እቴነሽ የሰፋችው ከረጢት ነውና አትጣለው። አያ አዳሙ በዚህ ዓመት ከጓያ በቀር ያበቀሉት የለም። «ለነጮቹ ጓያ ምን ያደርግላቸዋል፣ ያማቸዋል እንዴ?» ብለው ሲስቁ ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። አንድ ወይፈን አለኝ። ወይፈኖቹን እየመዘገቡ ነው፤ ጤነኛውን ይነዱታል፣ የሚያነክሰውን ይተዉታል። ትክል ድንጋይ አንዱን ጓያ ነክቶት ኖሮ አይተው ተዉት፤ አሁን በሸጋ ሁኔታ ቤቱ ይኖራል። አንተ የዚህ ነገር አዋቂ ነህና ንገረኝ። በቀን ምን ያህል ቢበላ፣ እስከ መቼ ቢበላ ነው የሚያነክሰው? ነጂዎቹ ካለፉ በኋላ ጓያውን ቢያስተዉትስ እግሩ ይመለሳል? ሌላ ሌላውን ተወውና ይህን መልስልኝ።

እህትህ እታገኘሁ

*

ላይፕዚግ፣ መጋቢት 24 ቀን 1981 ዓ.ም.

እታለም፣

ነጋ ደኅና ደረሰ። ከረጢቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ገና አልለካሁትም። ከፍቼ ሳሸተው የአያ አዳሙ ጎተራ መጣብኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይህን ለእነሱ አትንገሪ።

ስለ ወይፈኑ ጠይቀሻል። በቀበሌ ቤት፣ በሁለት ክፍል፣ ሦስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ወይፈን ማርባት የጀመርሽው መቼ ነው? እታለም፣ ወይፈኑን አውቀዋለሁ። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት። መቆም ሲለማመድ የእኔን ሱሪ ይዞ ነው የቆመው። አባቱ በሞተበት ሳምንት እኔ ጀርባ ላይ ነው ያንቀላፋው።

ስለዚህ የምጽፈውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። አይመለስም። መርዙ ከአከርካሪ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይገድለዋል፣ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይበቅልም። ጓያውን በማግሥቱ ብታስተዪው፣ ወተት ብታጠጪው፣ ጠበል ብታስገቢው እግሩ እንደ ተቆላለፈ ይቀራል። መጠን ላልሽውም መጠን የለውም። አንዱ ክረምቱን ሙሉ በልቶ ምንም አይነካውም፤ ሌላው እንደ እሱ በልቶ አንድ ጧት ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አላውቅም። ጥቂት ብቻ አነክሶ የሚያቆም መስፈሪያ ቢኖር ኖሮ የዓለምነው እናት ባወቀችው ነበር።

እስክለካው ጠብቂኝ። ጓያውን አታስጠጊው። በአባባ ነፍስ ይዤሻለሁ።

መለሰ

*

ጎንደር፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1981 ዓ.ም.

መለሰ፣

ፋሲካው አለፈ። እንኳን አደረሰህ ልልህ ብዕሬን አነሣሁና አልወጣልህ አለኝ።

ግድግዳ የምንጋራትን ይመኙሽን ታውቃታለህ። የእሷ ወይፈን በሁዳዴ ተነዳ። ከገበያ ሲመለስ፣ የሽንኩርት ዘንቢል በእጁ እንደ ያዘ። ዘንቢሉን የማታውቃት ሴት አመጣችላት። በትንሣኤ ሳምንት ደግሞ ማለቁ ተሰማ። ድንኳን አልተተከለም፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ አልተለበሰም፣ ጮክ ብሎ ያለቀሰ የለም። አፏን በትራስ ይዘንላት ነበር። ለወይፈን እንዲህ ይለቀሳል ወይ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አዎን፣ እኛ ጋ ይለቀሳል።

አንተ በአባባ ነፍስ ትይዘኛለህ። ጀርመን ተቀምጦ በአባባ ነፍስ መያዝ ቀላል ነው። ነርቭ ይሞታል አልከኝ፤ ሰምቻለሁ። ዓለምነውን አስታወስከኝ፤ ባለፈው ወር ትክል ድንጋይ ወርጄ አይቼዋለሁ። ሁለት ዱላ ይዞ ይሄዳል። ግን ይሄዳል! ሚስት አግብቷል፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሸማ ይሸምናል፣ ሲመሽ እናቱ ራት ታቀርብለታለች። የይመኙሽ ልጅ ሁለት ደኅና እግር ነበረው። የት አሉ?

አሳድጌሃለሁ። እማማ ስትሞት እኔ አሥራ ስድስት ነበርኩ፣ አንተ ገና ጡት አልጣልክም። ውለታ ጠይቄህ አላውቅም፤ አሁን እጠይቃለሁ። በዓለም የሌለ መሣሪያ በእጅህ ነው፣ የእኔ ጓያም በእጅህ ነው። ኃይለኛ ነው ወይስ ደካማ? ደካማ ከሆነ ስንት እፍኝ? ንገረኝ። ካልነገርከኝም በራሴ እፍኝ እሰፍራለሁ። ሰኔ ሳይባት መዝጋቢዎቹ ይመጣሉ።

እታገኘሁ

*

ላይፕዚግ፣ ግንቦት 17 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታገኘሁ፣

የላክሽው ጓያ ተለክቷል። ውጤቱን በታይፕ መትቼ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩን ራስሽ ታነቢዋለሽ። ደጋግሜ ለካሁት፣ ብዕሩ አልተነሣም። በአጭሩ፣ የአያ አዳሙ ጓያ መርዝ የለውም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ዘር አልፎ አልፎ ይገኛል፤ እኛም ገርሞናል።

ስለዚህ ወይፈንሽ ይህን ጓያ ዓመት ሙሉ ቢበላ አያነክስም። በከንቱ አትድከሚ። መካነ ብርሃን ያሉት የአባባ ደቀ መዝሙር፣ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ደጋ ላይ ሸጋ ግጦሽ እንዳላቸው ትዝ ይለኛል። መንገዱም ለነጂ አይመችም። የምመክርሽ ይህንን ብቻ ነው።

ወንድምሽ መለሰ

*

ጎንደር፣ ነሐሴ 19 ቀን 1981 ዓ.ም.

መለሰዬ፣

ሳልጽፍልህ ክረምቱ ሊወጣ ነው። ይህን በሰው እጅ ነው የምልክልህ፤ ወይፈን ማለት ግን ለምዶብኛል። ተቀይማኛለች ብለህ እንደ ሰነበትክ አውቃለሁ። አልተቀየምኩም። ወረቀትህ በመጣ ዕለት አንብቤው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ቀኑን ሙሉ አልተነሣሁም። ለካስ ስጠብቅ የነበረው እንዲህ እንድትለኝ ኖሯል። እፍኜን ሰፍሬ፣ ጓያውን ቆልቼ፣ ሳህን ላይ አድርጌለት ነበር። «ምንድን ነው እማ?» አለኝ። «የዶሮ ነው» ብዬ ነጠቅሁት። አላየውም፣ አልቀመሰውም።

ምክርህን ሰምቻለሁ። ወይፈኑ አሁን ደጋ ላይ ነው። መሪጌታ ቆብና ዳዊት ሰጥተው ከተማሪዎቻቸው ጋር ቀላቅለውታል። ሲልኩብኝ «ድምፁ የአያቱ ነው፣ ስንፍናው ግን የማን እንደ ሆነ አላወቅነውም» አሉኝ። የቀበሌው ሰዎች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ጠበል ሄዷል እላለሁ። የትኛው ጠበል ይሉኛል። በየጊዜው ሌላ እነግራቸዋለሁ፤ ልባቸው እንደ ተጠራጠረ ነው። ያለፈው ሰኞ አንደኛው የሚመጣው እሱ ካልሆነ አንቺ ትመጫለሽ ብሎኛል።

ለእኔ አታስብ። ጤፍ ከገበያ ጠፍቷል፣ የሁመራው መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ማሽላም አይገባም። ደግነቱ አያ አዳሙ አንድ ኩንታል ጓያ ላኩልኝ። እግዜር ይስጥህ፣ ያንተ ወረቀት ባይኖር በፍርሃት ለጎረቤት አድዬው ነበር። ድሮ እማማ እንደምታደርገው ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ ቀቅዬ፣ ውኃውን እየደፋሁ ማገዶ አልጨርስም። ንጹሕ ነውና ጧት ቆሎ፣ ማታ ቂጣ ነው። ያገኘኋትን ጤፍ ለደጋው አጠራቅማለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን ሁሉ ጓያ ስበላ እያዩ ያማትባሉ። «የወንድሜ መሣሪያ ነው የመረቀልኝ» እላቸዋለሁ፤ ይመኙሽ እንኳን ሳቀች።

እኔም አረጀሁ መሰለኝ፣ እግሬን ይኮረምተኛል። ጧት ስነሣ ጉልበቴ አልዘረጋ ይለኛል። የክረምቱ ብርድ ነው፣ አርባ ሦስት ዓመትም ቀላል አይደለም።

ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርስህ።

እታገኘሁ

*

ቴሌግራም፤ ከላይፕዚግ ወደ ጎንደር፣ መስከረም 12 ቀን 1982 ዓ.ም.

ጓያውን አትብዪ። ዛሬውኑ አቁሚ። ሐኪም ቤት ሂጂ። ደብዳቤ በሰው እጅ ይመጣል። መለሰ።

*

ላይፕዚግ፣ መስከረም 13 ቀን 1982 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህ በታማኝ ሰው እጅ የሚመጣ ነው። ወይፈን አልልም፤ ክንዱ እላለሁ።

ዋሸሁሽ። የአያ አዳሙን ጓያ የለካሁ ዕለት ብዕሩ ተነሥቶ ከወረቀቱ ወጣ። ቅቡ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ዘንግ ቀባሁ። እንደገና ወጣ። እዚህ ቤት ከተለካው ሁሉ ኃይለኛው የእኛ ነው። ፕሮፌሰሩ ደስ ብሏቸው ጀርባዬን መቱኝ። እውነቱን ብነግርሽ «ብርቱ ነው፣ ጥቂት ይበቃዋል» ብለሽ ለክንዱ ትሰጭዋለሽ። ዝም ብልሽ በእፍኝሽ ትሰፍሪያለሽ። ንጹሕ ነው ካልኩሽ ግን ትተዪዋለሽ አልኩ። አንቺ ራስሽ ትበይዋለሽ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳን አላሰብኩም። የተራበ አገር ልጅ ሆኜ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ!

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሽምብራ ነው። ፈጥሬ መጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ ከጓያው ጎን የለካሁትን የሽምብራ ቁጥር አንሥቼ የጓያ ነው ብዬ መታሁት። መሣሪያው አልዋሸሽም። እኔ ነኝ።

ነሐሴ የጻፍሽልኝን ያነበብኩት ቆሜ ነበር። «እግሬን ይኮረምተኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ቴሌግራም ቤት ሮጥኩ። ምናልባት ብርድ ነው። ብርድ ይሁን ብዬ እየጸለይኩ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ከአባባ ቀብር ወዲህ ጸልዬ አላውቅም። ጻፊልኝ። ተራግመሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

መለሰ

*

ጎንደር፣ ኅዳር 16 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመለሰ፣

ያንተን ደብዳቤ ያመጣው ሰው የእኔንም ሊወስድ ስለ ቆየልኝ ሳልፈራ እጽፋለሁ። እጄ ደኅና ነው፤ የእጅ ጽሑፌን አይተህ ትረዳለህ።

ቴሌግራምህ የደረሰው እኔ ከወደቅሁ በኋላ ነው። የደመራ ዋዜማ ውኃ ልቀዳ ስነሣ እግሮቼ እርስ በርሳቸው ተቆላለፉ፤ ተነሺ ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ይመኙሽ ናት ጎትታ ያስገባችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገና «ምን ስትበዪ ከረምሽ?» አለኝ። ስነግረው ካርዱ ላይ «ጓያ» ብሎ ጻፈ። አሁን በሁለት ዱላ እሄዳለሁ። አያ አዳሙ የጠረቡልኝ ነው፤ ከዓለምነው ዱላ ይሸጋል፣ አናቱ ላይ መስቀል አለበት።

ተቆጥቼሃለሁ። አልተቆጣሁም ብልህ እኔም ውሸታም መሆኔ ነው። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ስምህን እየጠራሁ ሰድቤሃለሁ፤ አባባ ቢሰሙኝ ንስሐ የሚያስገቡኝን ስድብ። ወንድሜ ብዬ እንጂ ባዳ ቢለኝ ኖሮ አንድ ጊዜ እንኳን ዘፍዝፌ ውኃውን እደፋ ነበር። ያመንኩት ቁጥሩን አይደለም፣ አንተን ነው።

የቀረውን ደግሞ ስማ። ክንዱ መውደቄን በሰማ ጊዜ ከመካነ ብርሃን በእግሩ ወርዶ መጣ። ተመለስ ብዬ ለመንኩት፤ ጮህኩበት፤ እምቢ አለ። በማግሥቱ የምልመላ ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ አየን። ወለል ላይ ወድቄ ነበርና ክንዱ ወደ አልጋ ሊያወጣኝ አዝሎኛል። ሰውዬው እናቱን ጓያ የመታት የደምብያ ሰው ኖሯል። «ይህችን ሴት ከዚህ ልጅ ሌላ ማን ያነሣታል?» ብሎ ሌሎቹን ጠየቃቸው። የአካል ጉዳተኛ ብቸኛ ጧሪ ብለው ጽፈው ተዉት። እስከ መቼ እንደሚተዉት አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልጄ እቤቱ ነው። አሁን ግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጣል። መጥረቢያውን ሲያነሣ ይሰማኛል፣ ሲመታ ይሰማኛል።

መለሰ፣ እውነቱን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ እሰጠው ነበር። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ያን ዕለት ሳህኑ በእጄ ነበር። ዱላው የሚጠረበው ለእሱ ነበር። ማታ ማታ እግሬ ሲኮረምተኝ ይህን አስብና ስድቤን አቆማለሁ። በማግሥቱ እንደገና እጀምራለሁ፤ ቻለው።

አሁን ሁለት ነገር እፈልግብሃለሁ። አንደኛው፣ እውነተኛውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ በትልቁ። አያ አዳሙ ትክል ድንጋይ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ሊያስነብቡኝ ነው፤ በቅሎ ይልኩልኛል። ቆሜ ባላነብም ተቀምጬ አነባለሁ። እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ ስንት ውኃ እንደሚደፋም ጨምርበት።

ሁለተኛው ለክንዱ ነው። «አጎቴ ንጹሕ ነው ብሎሽ አልነበር እንዴ? እንዴት እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ለምን እንደ ጠየቅሁህ፣ አንተም ለምን እንደ ዋሸህ ልነግረው አልችልም። ሳህኑን ልነግረው አልችልም። ስለዚህ የአጎትህ መሣሪያ ተበላሽቶ ኖሮ ነው አልኩት። ያ መሣሪያ ለአንተ ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የእኔም ኩራት ነበር። ቢሆንም ለእሱ ስትጽፍለት ጥቁሩ ቅብ ነው የተሳሳተው ብለህ ጻፍለት።

እህትህ እታገኘሁ